«ኳሱን ነክቻለሁ» ማለት ከቀይ ካርድ ያድናልን?

በዚህ ጽሑፍ በካኩማ ሜዳዎቻችን በየሳምንቱ ስለሚያጨቃጭቀን አንድ ጉዳይ የማውቀውን ያህል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ጉዳዩ ሸርተቴ ነው። አንድ ተከላካይ መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ ለመንጠቅ ሲገባና ተጋጣሚውን ሲጥል ዳኛው ምን መስጠት አለበት? ቅጣት ምት ብቻ ነው? ቢጫ ነው? ወይስ ቀይ? በየቡና ቤቱም ሆነ በውኃ ወረፋ ላይ የምንሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ኳሱን ከነካ ጥፋት የለበትም» ይባላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ አምን ነበር። ዛሬ ግን አላምንም። ለምን እንደማላምን ለመናገር በቅድሚያ የራሴን ስህተት መናገር ይኖርብኛል።

የሆነው ነገር

ሥራዬ መምህርነት ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ፊሽካ ይዤ የወጣቶችን ጨዋታ እዳኛለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለት ብሎክ ቡድኖች ሲጋጠሙ የመሐል ዳኛው እኔ ነበርሁ። ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው የአንደኛው ቡድን አጥቂ በቀኝ መስመር ኳስ እየገፋ መጣ። ተከላካዩ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ሁለት እግሩን አስቀድሞ ተወረወረ። ኳሱ ተነክቶ ወደ ውጭ ወጣ። የተከላካዩ እግር ግን በዚያ አልቆመም። አልፎ ሄዶ የአጥቂውን ቅልጥም መታው። የአጥንቱን ድምፅ ሜዳው ዳር የቆሙት ሁሉ ሰምተውታል።

እኔ ያወጣሁት ቢጫ ካርድ ነው። በልቤ ያሰብሁት «ልጁ እኮ ኳሱን ነክቷል፤ ቀይ መስጠት ይከብዳል» የሚል ነበር። የተጎጂው ቡድን ደጋፊዎች ቢጫውን ባዩ ጊዜ ወደ ሜዳ ገቡ። ድንጋይ ተወረወረ። ተከላካዩን ሰዎች ጎትተው አንድ ሱቅ ውስጥ ደበቁት። ሽማግሌዎች መሐል ባይገቡ ኖሮ የዚያን ቀን ሌላም ሰው ይጎዳ ነበር።

የተጎዳው ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ገበያ ውስጥ በእጅ ጋሪ ዕቃ እያመላለሰ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን ይረዳ ነበር። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ቀጥሎም በምርኩዝ እየተደገፈ ወራት አሳለፈ።

ተከላካዩ ደግሞ የክፍሌ ተማሪ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በጠባዩ ሰው የሚያማርረው አይደለም። የዚያኑ ዕለት ማታ ቤቴ መጥቶ እያለቀሰ፣ «ቲቸር፣ እኔ ኳሱን ነው የነካሁት፤ እርስዎም አይተዋል» አለኝ። በማግሥቱ የተጎዳውን ልጅ ለመጠየቅ ስሄድ ይህንኑ ለእናትየው ነገርኋቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ኳሷን ነካ አልነካ ምን ያደርግልኛል? ኳሷ ዛሬም ሜዳ ላይ ትንከባለላለች፤ የእኔ ልጅ ግን ይኸው ተኝቷል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ነው የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ከስፖርት ክፍሉ ተውሼ በሚገባ ማንበብ የጀመርሁት።

ሕጉ ምን ይላል?

የእግር ኳስ ሕጎች 17 ናቸው። ስለ ጥፋትና ስለ ሥነ ሥርዓት የሚናገረው 12ኛው ነው። ይህ ሕግ ኳስ ለመንጠቅ ሲባል የሚፈጸመውን ጥፋት በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ተማሪዎቼ እንዲይዙት እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

አንደኛው ጥንቃቄ ማጣት ነው። ተጫዋቹ ሳያስተውል ገብቶ ተጋጣሚውን ቢያደናቅፈው ቅጣት ምት ይሰጣል፤ ካርድ አያስፈልግም። ለምሳሌ ተከላካዩ በዝግታ ተንሸራቶ ጥቂት ዘግይቶ በመድረሱ የአጥቂውን የእግር ጣት ቢነካና አጥቂው ቢወድቅ ከዚህ ይመደባል።

ሁለተኛው ደንታ ቢስነት ነው። ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር በተጋጣሚው ላይ ሊያመጣ የሚችለውን አደጋ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ሲገባ ነው። ቅጣቱ ቅጣት ምትና ቢጫ ካርድ ነው።

ሦስተኛው ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀም ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ለመንጠቅ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ሲጠቀም ወይም የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ ሲጥል ማለት ነው። ይህ በሕጉ ከባድ የጨዋታ ጥፋት ይባላል። ቅጣቱ ቀይ ካርድ ብቻ ነው። ከፊት ይምጣ፣ ከጎን ይምጣ፣ ከኋላ ይምጣ፣ በአንድ እግር ይሁን በሁለት፣ ፍርዱ አይለወጥም።

እንግዲህ «ሸርተቴ ቀይ ያሰጣል ወይ?» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ትክክል አይደለም። ሸርተቴ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕጉም አይከለክለውም። ጥያቄው በየትኛው ደረጃ ይወድቃል የሚል መሆን አለበት።

ሕጉ የማይመዝንባቸው ሦስት ነገሮች

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ሕጉ መመዘኛ ያላደረጋቸውን ነገሮች እኛ መመዘኛ ስለምናደርጋቸው ነው።

የመጀመሪያው ኳሱን መንካት ነው። ከባድ የጨዋታ ጥፋትን የሚገልጸው አንቀጽ «ኳሱን ካልነካ» የሚል ቃል የለበትም። ኳሱን ነክቶ፣ በዚያው ግፊት የሰው አጥንት የሚሰብር ተጫዋች ጥፋተኛ ነው። በእርግጥ ኳሱን በንጽሕና የነጠቀ፣ ተጋጣሚውንም አደጋ ላይ ያልጣለ ሰው ጥፋት የለበትም። ይህን የሚያሰኘው ግን አገባቡ ሁሉ ነው እንጂ የኳሱ መነካት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳብ ነው። «ሆን ብሎ አይደለም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ የእኔም ተማሪ ሆን ብሎ አላደረገውም። ይሁን እንጂ ዳኛ የሰው ልብ አያይም። ሕጉም ዳኛው የሚታየውን ነገር፣ ማለትም ኃይሉንና አደጋውን እንዲመዝን ነው ያዘዘው። ጋሪ ሳይጠነቀቅ እየነዳ ሕፃን የገጨ ሰው «አላሰብሁም» ቢል ከኃላፊነት እንደማይድን ሁሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ነው። ይህን መቀበል ለብዙዎቻችን ይከብደናል። ሰው ተጎዳ ማለት ቀይ ካርድ የግድ ነው ማለት አይደለም። ሰው አልተጎዳም ማለትም ቀይ የለም ማለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2019 ኤቨርተን ከቶተንሃም ያደረጉት ጨዋታ ነው። የቶተንሃሙ ሰን ሁንግ ሚን የኤቨርተኑን አንድሬ ጎሜዝን ከኋላ ተንሸራቶ ጣለው። ጎሜዝ እየወደቀ ሳለ ከሌላ የቶተንሃም ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቁርጭምጭሚቱ ክፉኛ ተሰበረ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ሊሰጡ ካሰቡ በኋላ ቀይ አሳዩ። ሰን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እያለቀሰ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ይግባኙን ተቀብሎ ቀዩን ሰረዘው። ጉዳቱ አሰቃቂ ቢሆንም አገባቡ በራሱ ቀይ የሚያሰጥ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው። ጎሜዝም ድኖ በየካቲት 2020 ወደ ሜዳ ተመልሷል።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አይተናል። ጆሃንስበርግ ላይ የኔዘርላንዱ ኒጄል ደ ዮንግ እግሩን አንሥቶ የስፔኑን ዣቢ አሎንሶን ደረቱ ላይ በታኬታው መታው። አሎንሶ ጨዋታውን ቀጠለ። ዳኛው ሃዋርድ ዌብ የሰጡት ቢጫ ነበር። ነገሩን በፊልም ካዩ በኋላ ግን ቀይ መስጠት ይገባቸው እንደነበር ራሳቸው በግልጽ ተናግረዋል። ይህ ሸርተቴ ባይሆንም የሚመዘነው በዚያው ሕግ ነው። በዓለም ታላቁ ጨዋታ ላይ የዳኙ ሰው ስህተታቸውን ካመኑ፣ እኔ የካኩማው አስተማሪ የእኔን ባምን የሚያሳፍር አይሆንም።

ታዲያ ዳኛ ምን ይመልከት?

በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ዳኛ የሚከተሉትን ማየት አለበት፦

ፍጥነትና ርቀት። ተጫዋቹ ከሩቅ ተንደርድሮ የመጣ ከሆነ ራሱን ማቆም አይችልም። ራሱን ማቆም የማይችል ሰው ሌላውንም ማዳን አይችልም።

የእግሩ ከፍታ። እግሩ መሬት ለመሬት ከሄደ የሚያገኘው ኳሱን ነው። ከመሬት ከተነሣ የሚያገኘው ቁርጭምጭሚት፣ ቅልጥም ወይም ጉልበት ነው።

የታኬታው ጥርስ። የጫማው ሥር ወደ ተጋጣሚው ዞሮ ከሆነ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ጉልበቱ። የታጠፈ ጉልበት ግፊቱን ይቀንሳል። የተወጠረ ቀጥ ያለ እግር ግን እንደ ዱላ ነው።

ሁለት እግር። ሁለቱም እግሮች ከመሬት ከተነሡ ተጫዋቹ ተወርውሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አካሉን የሚያዝበት መንገድ የለውም።

ኳሱን የማግኘት ዕድል። ኳሱ ካለፈ ወይም ካመለጠ በኋላ የገባ ሰው የሚያገኘው ሰውን ብቻ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቀይ ላያሰጥ ይችላል። ሁለትና ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ዳኛው ማመንታት የለበትም። የእኔ ተማሪ ከሩቅ ተንደርድሯል፤ ሁለት እግሩን አንሥቷል፤ ጉልበቱም ቀጥ ያለ ነበር። አጥንቱ ባይሰበርም ኖሮ ቀይ ነበር። እኔ ግን የተመለከትሁት ኳሱን ብቻ ነው።

ይህ ሕግ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ካርድ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተፈጠረ አይደለም። በ1962 የቺሊው የዓለም ዋንጫ ላይ ቺሊና ጣልያን ሲጫወቱ ሜዳው የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ሁለት ጣልያናውያን ተባረሩ፤ የመጀመሪያው አልወጣም ስላለ ፖሊስ ገብቶ አስወጣው። ዳኛው ኬን አስተን ይባሉ ነበር፤ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሙያቸውም እንደ እኔው መምህርነት ነበር። በ1966 ደግሞ በእንግሊዝና በአርጀንቲና ጨዋታ የአርጀንቲናው አምበል ራቲን እንዲወጣ ቢታዘዝም ለብዙ ደቂቃ አልወጣም አለ። ጀርመናዊው ዳኛ ስፓኒሽ አይችሉም፤ ተጫዋቹም ጀርመንኛ አይችልም። በዚያ ውድድር የዳኞች ኃላፊ የነበሩት አስተን ነገሩን እያሰላሰሉ መኪናቸውን ሲነዱ የትራፊክ መብራት አዩ። ቢጫ «ተጠንቀቅ»፣ ቀይ «ቁም» ነው። ቋንቋ አያስፈልገውም። ካርዶቹ ሜክሲኮ ላይ በ1970 የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ቀይ ካርድ ያየው በ1974 የቺሊው ካርሎስ ካሴሊ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ዓረብኛ፣ ዲንካና ስዋሂሊ በሚነገርበት ካምፕ ውስጥ ያለ ካርድ መዳኘት እንዴት ይቻል ነበር?

ካርዱ ቢመጣም አደገኛውን ሸርተቴ ለመቅጣት ሌላ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1966 ፔሌ ከፖርቱጋል ጋር ሲጫወት በተደጋጋሚ ተመትቶ እያነከሰ ጨረሰ። ተቀያሪ ማስገባት በዚያን ጊዜ አይፈቀድም ነበር፤ የመታውም ተጫዋች አልተባረረም። ብራዚልም ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በ1983 ባርሴሎና ውስጥ የአትሌቲክ ቢልባኦው ተከላካይ ጎይኮቼያ ከኋላ ገብቶ የማራዶናን ቁርጭምጭሚት ሰበረ። ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች የተባለው የኔዘርላንዱ ማርኮ ቫን ባስተን ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ በመጎዳቱ የመጨረሻ ጨዋታውን በ1993 በ28 ዓመቱ ተጫወተ፤ በ1995ም ከነጭራሹ አቆመ።

በመጨረሻም የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ በ1998፣ ከፈረንሣዩ የዓለም ዋንጫ በፊት፣ ከኋላ ገብቶ የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል በቀይ ካርድ እንዲቀጣ ወሰነ። ከዚያም ሕጉ ሰፍቶ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣውን አደገኛ አገባብ የሚያጠቃልል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ከፊት ነው የገባሁት» ማለትም አያድንም።

መልካም ሸርተቴ ምን ይመስላል?

ሸርተቴን እያወገዝሁ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በ1970 ሜክሲኮ ላይ የእንግሊዙ አምበል ቦቢ ሙር የብራዚሉን ጃይርዚኞን በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ያስቆመበት አገባብ እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ሙር አልተጣደፈም። ከአጥቂው ጋር ጎን ለጎን እያፈገፈገ ጠበቀ። ኳሱ ከአጥቂው እግር የተለየችበትን ቅጽበት ሲያገኝ አንድ እግሩን መሬት ለመሬት ሰድዶ ወሰዳት፤ ወዲያው ተነሥቶም ኳሱን ይዞ ሄደ። ማንም አልተጎዳም። ልብ በሉ፤ ሙር ያሸነፈው በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፦ ከሩቅ አትወርወሩ። በአንድ እግር ግቡ። ጉልበታችሁን አጥፉ። የጫማችሁን ሥር አታሳዩ። ኳሱ ከአጥቂው እግር ስር ካለ ጠብቁ። የማትደርሱ ከመሰላችሁ በእግራችሁ ቆማችሁ መንገዱን ዝጉበት። የቆመ ተከላካይ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ የተጋደመ ተከላካይ ግን ከጨዋታ ውጭ ነው።

የእኛ ሜዳ ልዩ አደጋ

በቴሌቪዥን የምናያቸው ተጫዋቾች የሚንሸራተቱት ውኃ በጠጣ ሣር ላይ ነው። የእኛ ሜዳ ደረቅ መሬት ነው፤ አሸዋና ጠጠር አለበት። በሣር ላይ እግር ዝቅ ብሎ ይሄዳል። በእኛ መሬት ላይ ግን ጠጠር ሲያገኝ ይነጥራል፤ ኳስ ላይ የታለመው እግር ቅልጥም ላይ ያርፋል። ከዚህም ሌላ ከልጆቻችን ብዙዎቹ የቅልጥም መከላከያ የላቸውም። አንዱ ታኬታ ሲያደርግ ሌላው በሸራ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ይጫወታል።

አጥንት በቀላሉ የሚሰበረው መቼ እንደሆነም ማወቅ ይጠቅማል። የአጥቂው እግር አየር ላይ እያለ ቢመታ እግሩ ከምቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። መሬት ረግጦ የሰውነቱን ክብደት ተሸክሞ እያለ ሲመታ ግን መሄጃ የለውም፤ ግፊቱን የሚቀበለው አጥንቱ ነው። እንግዲህ በሣር ሜዳ ላይ በቢጫ የሚታለፍ የሚመስል አገባብ በእኛ ሜዳ ላይ የሰው ደኅንነት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ሕጉ የሚለው «የተጋጣሚን ደኅንነት» ነውና ዳኛው የቆመበትን መሬት ጭምር ማየት ይኖርበታል።

ሰው እግሩ ተሰብሮ ሲወድቅ ዳኛው ጨዋታውን ወዲያውኑ ያስቁም። የወደቀውን ለማስነሣት መሞከር ወይም አራት ሆኖ እጅና እግሩን ይዞ መሮጥ ስብራቱን ያብሰዋል። የሕክምና ሰው እስኪመጣ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ መደገፍ ይሻላል።

ከተማሪዎቼ የቀረቡ ጥያቄዎች

«በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከሆነ ቢጫ ብቻ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ከፊሉ እውነት ነው። ከ2016 ጀምሮ፣ ተከላካይ ግልጽ የግብ ዕድል ቢያበላሽና ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጥበት፣ ኳሱን ለማግኘት ከልቡ የሞከረ ከሆነ ቅጣቱ ቢጫ ነው። ይህ ግን የግብ ዕድልን ስለማበላሸት ብቻ የወጣ ነው። አገባቡ አደገኛ ከሆነ ክልል ውስጥም ቢሆን ቀይ ነው።

«ቡድናችን በኳሱ እየቀጠለ ከሆነ ዳኛው ማስቀጠል ይችላል?» ቀይ ካርድ በሚያሰጥ ከባድ ጥፋት ላይ ግልጽ የግብ ዕድል ከሌለ በስተቀር ማስቀጠል አይገባም። ዕድል ኖሮ ካስቀጠለ ደግሞ ኳሱ በቆመበት ጊዜ አጥፊውን ማስወጣት አለበት።

«ቀይ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች በሌላ ይተካል?» አይተካም። ቡድኑ ጎድሎ ይጨርሳል። ከ7 ተጫዋች በታች ከሆነ ጨዋታው አይቀጥልም።

«ትልልቅ ዳኞች በቪዲዮ ይረዳሉ፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ከ2018 የዓለም ዋንጫ ወዲህ የቪዲዮ ረዳት መኖሩን ሁላችንም አይተናል። እኛ ያለን ሁለት ዓይንና ሁለት እግር ነው። ስለዚህ ዳኛ መሮጥ አለበት፤ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ሆኖ ማየት አለበት። ካርድ ከማውጣቱ በፊት ትንፋሽ ይውሰድ፤ ካላየ የመስመር ዳኛውን ይጠይቅ። የአገራችን ልጅ በአምላክ ተሰማ በ2018 ለዓለም ዋንጫ ከተመረጡ ዳኞች አንዱ ነበር። ዳኝነት ከእኛ የራቀ ሙያ አይደለም።

ቀይ ካርድ ማንን ይጠብቃል?

ብዙ ሰው ቀይ ካርድ የተጎዳውን ለመካስ የሚሰጥ ይመስለዋል። የተሰበረ እግር ግን በካርድ አይጠገንም። ቀይ ካርድ የሚጠብቀው ገና ያልተጎዱትን ነው። ከዚህም በላይ ራሱን አጥፊውን ይጠብቃል። የዚያን ቅዳሜ ቀይ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ተማሪዬ አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ፣ ደጋፊውም «ዳኛው አይቷል፤ ፈርዷል» ብሎ በቦታው ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በቢጫ ሳልፈው ሰዎች ራሳቸው ሊፈርዱ ድንጋይ አነሡ። ዳኛ ያልፈረደውን ሌላው በዱላ ሊፈርደው ይነሣል።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተገናኙ። እኔም ተጠርቼ ሄድሁ፤ በሁሉም ፊት «ቀይ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ተከላካዩ ከተጎዳው ልጅ እናት እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ማንም ሳያዝዘው፣ ጓደኛው እስኪድን ድረስ ከትምህርት በኋላ የእጅ ጋሪውን ገበያ ውስጥ እየገፋ የሚያገኘውን ለእናትየው ሲሰጥ ቆየ። ዛሬ የተጎዳው ልጅ በእግሩ ይሄዳል፤ ግን ገና አልሮጠም። ተከላካዩ ተመልሶ ይጫወታል። ሸርተቴውን አልተወም፤ ከሩቅ መወርወሩን ግን ትቷል።

አሠልጣኞች ይህን ጉዳይ ከውድድር በፊት ለልጆቻችሁ አስረዱ። ዳኞች፣ ኳሱን ብቻ ሳይሆን እግሩን ተመልከቱ፤ ቀይ ሲገባ ቀይ ለመስጠት አትፍሩ። ደጋፊዎችም፣ የራሳችሁ ልጅ ቀይ ሲሰጠው ዳኛውን ከመስደባችሁ በፊት የወደቀውን ልጅ እናት አስቡ።